ስለ ንጉሡ የተኳረፉ ወንድማማቾች

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ቺካጎ ውስጥ በአንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ሽማግሌው ሰማንያን አልፈዋል። ሥራውን ለልጃቸው ካስረከቡ ቆይተዋል፤ ግን በየቀኑ ጠዋት ይመጡና ሒሳብ መቀበያው አጠገብ ይቀመጣሉ። ሠራተኛው ሁሉ «ባርባ» ነው የሚላቸው፤ በእኛ «ጋሼ» እንደማለት ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት አርፍጄ ገባሁ። ለምን እንዳረፈድኩ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስብሰባ ነበር፣ ስብሰባው ጠብ ሆነ፣ ፖሊስ ተጠራ። የጠቡን ምክንያት ላስረዳቸው ሞከርኩ፦ የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ ስደተኛው ሲኖዶስ፣ ገለልተኛ የሚባለው… መሐል ላይ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ገባኝ» አሉ። «የኛ ደግሞ ስለ ንጉሡ ነበር።»

ከዚያ እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። «አባቴና አጎቴ በአንድ መርከብ መጡ። አንድ አልጋ ተከራይተው አንዱ ሌሊት፣ አንዱ ቀን ይተኙበት ነበር። ገንዘብ ሲያጠራቅሙ አብረው ምግብ ቤት ከፈቱ። ኋላ አባቴ የንጉሡ ወገን፣ አጎቴ የቬኒዜሎስ ወገን ሆኑ። ምግብ ቤቱን ተካፈሉ። እኔ ክርስትና የተነሳሁት በንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የአጎቴ ልጆች ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው በሌላው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንዳንባባል ታዘን ነበር።»

«ንጉሡ አባትዎን ያውቋቸው ነበር?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ንጉሡ? አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ቡና ጠጥቶ አያውቅም።»

እኔም ሳቅሁ። የሰው ሞኝነት ያስቃል። የራሴን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ የግሪክ ስደተኞችን ታሪክ ባገኘሁት ቁጥር ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። በአገራችን ግሪክ ሲባል የምናስታውሰው ነጋዴውን ነው። አሜሪካ የገባው ግሪክ ግን አብዛኛው የገበሬ ልጅ ነበር። የፔሎፖኔዝ ገበሬ የፈረንሳይ ወይን በተባይ በጠፋ ጊዜ ገበያ አገኘሁ ብሎ ማሳውን ሁሉ ለዘቢብ አዋለው። የፈረንሳይ ወይን ሲያገግም ፈረንሳይ በውጭ ዘቢብ ላይ ቀረጥ ጫነች። በ1893 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዘቢብ ዋጋ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት የግሪክ መንግሥት ራሱ ዕዳዬን መክፈል አልችልም አለ። ወጣቱ ወደ መርከብ ሄደ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ4 መቶ ሺህ የማያንሱ አሜሪካ ገቡ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ወንዶች ነበሩ። ብዙዎቹን ያስጨነቃቸው የእህት ጥሎሽ ነው። እነሱ ዘንድ ጥሎሽ የሚሰጠው የሙሽራዪቱ ቤተሰብ ስለሆነ፣ እህቱን ሳይድር የሚያገባ ወንድም እንደ ነውረኛ ይታይ ነበር።

ጫማ ጠረጉ፣ ሐዲድ ዘረጉ፣ በዩታ ማዕድን ቆፈሩ፣ ማሳቹሴትስ በሎውል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ። ከውጭም ጥላቻ አላጣቸውም። በየካቲት 1909 ሳውዝ ኦማሃ ላይ አንድ ግሪካዊ ፖሊስ ገደለ ተብሎ የተቆጣ ሕዝብ የግሪኮችን መኖሪያና ሱቅ አወደመ፣ ነዋሪዎቹንም ከከተማው አባረረ። የአንድ ሰው ጥፋት ለሁሉም ተረፈ።

አብዛኞቹ ሠርተው ለመመለስ ነበር የመጡት፤ ብዙዎቹም ተመልሰዋል። በ1912 የባልካን ጦርነት ሲነሳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከአሜሪካ ተሳፍረው ሊዋጉ ሄዱ። የአገር ፍቅራቸው ጥያቄ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ይህን የማነሳው፣ ቀጥሎ የመጣው ጠብ አገራቸውን ከመጥላት ያልመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሁለቱም ወገን አገሩን ይወድ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ አገራቸው ገለልተኛ እንድትሆን ፈለጉ፤ ባለቤታቸው የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት እህት ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስ ደግሞ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጎን እንሰለፍ አሉ። በ1916 ቬኒዜሎስ ተሰሎንቄ ላይ ሁለተኛ መንግሥት አቆሙ፤ በ1917 ንጉሡ ከአገር ወጡ፤ በ1920 ቬኒዜሎስ ምርጫ ተሸንፈው ንጉሡ ተመለሱ። አቴንስ ላይ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሊቀ ጳጳሱም ይለወጥ ነበር። (እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ የራሳችንን ፓትርያርኮች ቆጠርኩ።)

ይህ ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። «አትላንቲስ» የንጉሡ ወገን ጋዜጣ ነበር፤ በ1915 የተቋቋመው «ናሽናል ሄራልድ» የቬኒዜሎስ። ዛሬ እኛ እያንዳንዳችን የራሳችንን ቻናል እንደምንከፍተው እነሱም የየራሳቸውን ጋዜጣ ይከፍቱ ነበር። ቡና ቤቱ ሁለት ሆነ። ጳጳሱም ሁለት ሆነ። አንድ ቤተ ክርስቲያን በጭንቅ የሠራ ከተማ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ይዞ ተገኘ። የሕንፃው ባለቤት ማን ነው ብለው ፍርድ ቤት የቆሙ አጥቢያዎች ነበሩ። እህት ለመዳር የተጠራቀመው ብር ለጠበቃ ሄደ።

በ1922 የግሪክ ጦር በትንሹ እስያ ተሸነፈ፣ ሰምርኔስ ተቃጠለች፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ግሪክ ገባ። ንጉሡ ዙፋን ለቀው በጥር 1923 በስደት ሞቱ። አገር ቤት ያሸነፈ ወገን አልነበረም። የአሜሪካዎቹ ቤተ ክርስቲያኖች ግን ንጉሡ ከሞቱ በኋላም ስምንት ዓመት ሙሉ እንደተለያዩ ቆዩ። ጠቡ ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ ነበረው።

በ1924 ደግሞ አሜሪካ በሯን ዘጋች። ለግሪክ የተፈቀደው በዓመት 100 ሰው ብቻ ሆነ። አዲስ ሰው ከአገር ቤት መጥቶ ቋንቋውን የሚያድስበት መንገድ ጠበበ። በዚያው ሰሞን ሌላ ክርክር ነበረባቸው፦ በ1922 አትላንታ ላይ የተቋቋመው አሄፓ የሚባለው ማኅበር ሥራው በእንግሊዝኛ ይሁን አለ፤ በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው ጋፓ ደግሞ ግሪክኛ አይነካ አለ። ትልልቆቹ እንዲህ ሲከራከሩ ልጆቹ በራሳቸው ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጫወቱ ነበር።

ታዲያ እንዴት ታረቁ? ማን ትክክል እንደነበር ስለተወሰነ አይደለም። እስከ ዛሬም አልተወሰነም። በ1930 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ የቆሮንቶሱን ጳጳስ ደማስቂኖስን አስታራቂ አድርገው ላኩ። የተጣሉት ጳጳሳት ከአሜሪካ እንዲነሱ ተደረገ፤ በየካቲት 1931 አቴናጎራስ የሚባሉ ከጠቡ ውጭ የነበሩ ሰው ሊቀ ጳጳስ ሆነው መጡ። እሳቸውም ተቃዋሚ አላጡም። ግን ከአጥቢያ አጥቢያ ዞሩ፣ በሁለቱም ወገን ቀደሱ፣ የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋሙ፣ በ1937 የካህናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሰውን ስለ ትናንት ከማከራከር አብሮ የሚሠራው ሥራ ሰጡት።

የዚህ ጥቅም የታየው በ1940 ነው። እኛን ከአምስት ዓመት በፊት የወረረው ሙሶሊኒ በጥቅምት ወር ግሪክን ወረረ። በሚቀጥለው ወር የአሜሪካ ግሪኮች በአንድነት የግሪክ ጦርነት እርዳታ ማኅበርን አቋቋሙ። ሊቀ ጳጳሱ አሉበት፣ የፊልም ኩባንያ ባለጸጋው ስፓይሮስ ስኩራስ መራው፤ ገንዘብ ሲሰበሰብ የንጉሡ ወገንና የቬኒዜሎስ ወገን በአንድ ሣጥን ውስጥ ጣለ። ጀርመኖች ግሪክን ሲይዙ አቴንስ ላይ በ1941 ክረምት ሰው በረሃብ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የስዊድን መርከቦች በቀይ መስቀል አማካይነት እህል ማስገባት ሲጀምሩ የዚህ ማኅበር ገንዘብና ጥረት ከኋላቸው ነበር። እንደ 1920ዎቹ ተኳርፈው ቢቆዩ ኖሮ ሁለት ማኅበር፣ ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት ክስ ይኖር ነበር እንጂ እንዲህ ያለ እርዳታ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ።

ባርባ ያጫወቱኝን ከሰማሁ ከዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ተከፈለች። እኔ በዚህ ወገን ቀረሁ፤ የሴት ልጄ የክርስትና አባት፣ አበ ልጄ፣ በዚያኛው ሄደ። ያልጣልኩበት ስም፣ ያልጣለብኝ ስም የለም። እናቱ አዲስ አበባ ሲሞቱ ከቤቴ በመኪና አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀመጠ። አልደረስኩም። እኚያ እናት ልጄ ስትወለድ በሰው ሰው በሶና ሽሮ የላኩ ናቸው።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ ሲኖዶሶች ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ በቴሌቪዥን እያየሁ አለቀስኩ። ግን ስልክ አላነሳሁም። ጳጳሳቱ ታረቁ፤ እኔና አበ ልጄ አልታረቅንም። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ሌላ መከፋፈል መጣ፣ ለኩርፊያው አዲስ ስም ተገኘለት።

ባለፈው ወር ልጄ ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ከክርስትና አባቴ ጋር የተጣላችሁት ስለ ምን ነበር?» ለማስረዳት ጀመርኩ። በአማርኛ ሞከርኩ፣ በእንግሊዝኛ ሞከርኩ። ፊቷን ሳይ የባርባ ሳቅ ትዝ አለኝ። ያኔ ንጉሡ አባታቸውን ያውቁ እንደሆነ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።

«ታዲያ ስለ አገራችን ዝም እንበል?» የሚል ይኖራል። አላልኩም። ሰው እየሞተ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ሰልፍ ውጡ፣ ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ የምታምኑበትን ደግፉ። የምለው ሌላ ነው፦ እድራችን፣ ቤተ ክርስቲያናችንና የልጆቻችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት የማንም ፓርቲ ቅርንጫፍ አይሁኑ። ፓርቲ ይመጣል ይሄዳል። ሬሳ ወደ አገር ቤት መላክ ሲኖርብን ግን የምንሰበሰበው እድር ነው። እድሩ ሁለት ከሆነ ሟቹን ለማን እንሰጠዋለን?

ከግሪኮቹ የተማርኩት ሁለተኛው ነገር ጊዜ ያስታርቃል የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት መሆኑን ነው። ጊዜ ተጣይዎቹን በሞት ይወስዳል፤ ልጆቹም ምክንያቱን ይረሳሉ። እርቅ ይህ ከሆነ አዎ፣ ያስታርቃል። ባርባ ከአጎታቸው ልጆች ጋር መነጋገር የጀመሩት በአባታቸው ቀብር ላይ እንደነበር ነግረውኛል። «አባቴ ቢያየን ደስ ይለው ነበር፤ ግን አላየንም» ነበር ያሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አበ ልጄ ጋ ደወልኩ። አላነሳም። ቁጥሬን አጥፍቶት ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ። ልቅሶው ስንት ዓመት ቢያልፈውም መድረስ ያለብኝ ልቅሶ ነው።

እናንተስ፣ ያልደረሳችሁት ልቅሶ የለም?