መኪናው ቢቆምም ዘይቱ ያረጃል

ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ስጽፍ የለመዳችሁኝ ሰው ዛሬ ስለ ሞተር ዘይት ልጽፍ ስነሣ «ዶክተሩን ምን ነካው?» ማለታችሁ አይቀርም። የተማርሁት ታሪክ እንጂ መካኒክነት አይደለም። ነገር ግን በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ በየግቢው ቆሞ የሚታየው የጭነት መኪና የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነውና ዝም ማለት አልቻልሁም።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ደባርቅ ነው። ሀብቱ አንድ ያረጀ አይሱዙ ነው። በደኅናው ጊዜ ገብስና ድንች ጭኖ ወደ ጎንደር ይመላለስበት፣ አልፎ አልፎም ጣሊያኖች ከ1928ቱ ወረራ በኋላ በቀደዱት የሊማሊሞ መንገድ ወርዶ እስከ ዛሪማ ይሄድበት ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ግን፣ በክልላችን ጦርነቱ ሲበረታ፣ መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት ሌላ ሰሞን ሲዘጋ፣ ናፍጣውም ሲጠፋ፣ መኪናው ሸራ ለብሶ ከግቢ ዋለ።

ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ «ወንድም ጋሼ፣ ዘይቱን መቼ ቀየርኸው?» አልሁት።

«ሁለት ዓመት አልፎታል። ግን የሄደው 900 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ 5,000 እስኪሞላ ገና ነው። የዘይቱን ዋጋ እያየኸው ደኅና ዘይት ልድፋ?»

ነገሩ የሰነፍ መልስ አልነበረም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዘይት መግዛት ለቆመ መኪና ባለቤት ቀላል አይደለም። ደግሞም መኪናውን አልረሳውም፤ ባትሪው እንዳይሞት በየቅዳሜው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ያስነሣዋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ብንከፍተው ግን ከውስጡ የወተት ቡና የሚመስል አተላ ተጋግሮበታል። ከራዲያተሩ ውኃ ጎድሎ ቢሆን ሌላ በሽታ ነው ባልን ነበር፤ አልጎደለም።

ጎንደር ወደሚገኙ አንድ አረጋዊ መካኒክ ደወልሁ። «ዶክተር፣ ወንድምዎን የጎዳው መቆሙ ብቻ አይደለም፤ የቅዳሜዋ ዐሥር ደቂቃም ናት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ ሲቃጠል የውኃ ተንም ይፈጠራል፤ ከዚያ ጥቂቱ በፒስተኑ ቀለበቶች ሾልኮ ዘይቱ ዘንድ ይወርዳል። መኪናው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ይግላል፣ ውኃውም ተንኖ ይወጣል። በደባርቅ ብርድ ዐሥር ደቂቃ ቆሞ የሚያጓራ ሞተር ግን ዘይቱ ሳይግል ይጠፋል። ስለዚህ በየቅዳሜው ጥቂት ውኃ ይጨመራል እንጂ አይወጣም። ያልተቃጠለ ናፍጣም ዘይቱን ያቀጥነዋል። ናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ከእርጥበቱ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል። አዲስ ዘይት አሲድን የሚያመክን ቅመም ቢኖረውም ቅመሙ አላቂ ነው። እሱ ሲያልቅ አሲዱ የሞተሩን የውስጥ ብረት መብላት ይጀምራል። ይህን ሁሉ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አያየውም።

ለዚህ ነው የአምራቾች መመሪያ ኪሎ ሜትርንና ወርን አብሮ የሚያስቀምጠው፤ ቀድሞ የሞላው ይገዛል። እምብዛም ለማይነዳ መኪና ዘይቱን ከነፊልትሮው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ብቻ ለሚሄድ ደግሞ በየስድስት ወሩ መቀየር ይገባል። የዘይቱን ጥቁረት አይታችሁ አትፍረዱ፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግሥት ይጠቁራል። በዓመት አንዴ ለሚቀይር ሰው የሚሻለው ጊዜ መኪናው ለክረምት ከመቆሙ በፊት፣ ግንቦት ላይ ነው፤ አሲዱ ሦስት አራት ወር ሞተሩ ውስጥ ከሚከርም ከአሮጌው ዘይት ጋር ይውጣ። ማስነሣት ከሆነም መንገዱ በፈቀደ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ነው፤ ካልተቻለ ባትሪውን ነቅሎ መተው ይሻላል። የተቀዳውንም ዘይት ለከተማችን የመጠጥ ውኃ ወደሚሰጠው ወደ አንገረብ በሚወርድ ቦይ አትድፉት።

ወደ ለመድነው ወጋችን ስንመለስ፣ የወንድሜ ስሌት የሁላችንም ስሌት መሰለኝ። የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ የታጠፈው ፍርድ ቤት ሰላም ሲወርድ ካቆመበት የሚቀጥል ይመስለናል። ያልሠራ ነገር ያልተጎዳ ይመስለናል። ሁለት ዓመት ከክፍል የራቀ ልጅ ግን ካቆመበት አይጀምርም። ለይስሙላ የሚጠራውም ስብሰባ የቅዳሜዋን ዐሥር ደቂቃ ይመስላል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ሙቀት ግን አይደርስም።

ዘይት የሚቀዳው ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቢሆንም፣ በዚያ ዘይት ዳግመኛ ላለማስነሣት ስንል በቀዝቃዛው ፈታነው። ከዘይቱ አስቀድሞ የወረደው ውኃ ነበር። ወንድሜ ጣሳውን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየው። በኋላም «ስቆጥር የነበረው ሌላ ነገር ኖሯል» አለ። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገባለት። በዚያው ቀን መንገዱ ክፍት ስለነበረ እስከ ዳባት ነድተን ተመለስን። ሞተሩ ከዚያች ዕለት ወዲህ ደኅና ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ቸር ይግጠመን።