ሮማን ያስወደደችኝ ኦድሪ

ሮማን የወደድኳት ሳላያት ነው፤ ተጠያቂዋም ኦድሪ ሄፕበርን ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ሮማን ሆሊዴይ» ከአጀቧ ሾልካ አንድ ቀን እንደ ተራ ሰው የምትውለው ልዕልት አን፣ ከተማዋን አስቀድማ አስጎብኝታኛለች። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር እዚያው ሮማ ውስጥ ካልቀረጽኩ ብሎ ድርቅ በማለቱ፣ ዛሬም ፊልሙን ተከትሎ ሮማን መዞር ይቻላል። ጋዜጠኛው ጆ ብራድሌይ የሚኖርበት የቪያ ማርጉታ 51 ግቢ አለ። የስፔን ደረጃዎች ላይ ግን እንደ እሷ አረፍ ብዬ አይስክሬም ልበላ አልቻልኩም፤ ከ2019 ወዲህ መቀመጥ ያስቀጣል።

የኦድሪ ወዳጆች ሁሉ የሚገናኙት ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስመዲን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። በረንዳው ላይ አፉን የከፈተ ግዙፍ የድንጋይ ፊት አለ፤ ውሸታም እጁን ቢያስገባ ይቆርጠዋል ይባላል። ወረፋው ረጅም ነው፣ ወሬው ደግሞ ከወረፋው ይረዝማል። ከፊቴ የቆሙ ወጣቶች «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ላይ ያለችውን ሆሊን የሚያህል የለም አሉ፤ ጥቁር ቀሚሷ፣ መነጽሯ፣ መስኮት ላይ ተቀምጣ የምትመታው ጊታር። አንዲት የሮማ አሮጊት በእጃቸው አየሩን እየቆራረጡ ተቃወሙ። ለእሳቸው ኦድሪ ማለት «ዘ ነንስ ስቶሪ» ላይ ኮንጎ ድረስ ሄዳ በመታዘዝና በኅሊናዋ መካከል የምትታገለው መነኩሲት ናት። በ1970ዎቹ ኦድሪ ጣሊያናዊ ሐኪም አግብታ፣ ለልጆቿ ብላ ከፊልም ርቃ እዚሁ ከተማ ትኖር ነበርና፣ ሴትዮዋ ስለ ጎረቤታቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። እዚያው ያደገች የአገሬ ልጅ ደግሞ ፊልሞቹን ሁሉ ትታ 1988ን አነሳች። ኦድሪ የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና መጀመሪያ የሄደችው ኢትዮጵያ ነው፤ መቐለ ድረስም ዘልቃለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሆላንድ ውስጥ ረሃብን ራሷ ቀምሳዋለችና፣ ልጅቷ እሱ ትወና አልነበረም ባይ ናት።

ተራዬ ደርሶ እጄን ከተትኩ። ፊልሙ ላይ ጆን የሚጫወተው ግሪጎሪ ፔክ እዚህ ሳይነግራት እጁን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ስላወጣ፣ የኦድሪ ጩኸት የእውነት ነው። ሰው ሁሉ ይህንን ትዕይንት ይወዳል፤ እኔ ግን ድንጋጤን ችሎታ አልለውም።

ከዚያ ሰርከስ ማክሲመስን ታክኬ ወደ ፖርታ ካፔና ሄድኩ። ፊልሙ በ1952 ሲቀረጽ የአክሱም ሐውልት እዚህ ቆሞ ነበር፤ አገሩ የገባው በ2005 ነው። ልዕልቷ በቬስፓ ስትከንፍ ሐውልታችን እዚህ በምርኮ እንደነበር ሳስብ፣ ለከተማዋ ያለኝ ፍቅር ትንሽ ጎመዘዘ።

ችሎታዋ የገባኝ ፓላዞ ኮሎና ውስጥ ነው። የፊልሙ የመጨረሻ ጋዜጣዊ መግለጫ የተቀረጸው በዚህ በወርቅና በመስታወት ባሸበረቀ አዳራሽ ነው፤ በ1849 ፈረንሳዮች የተኮሱት የመድፍ አረር እንኳ ደረጃው ላይ እንደወደቀ ቀርቷል። የ23 ዓመቷ ኦድሪ፣ ከጎበኘቻቸው ከተሞች የትኛውን እንደወደደች ስትጠየቅ፣ ሁሉንም የሚያስደስተውን የተጠና መልስ ትጀምራለች። መሀል ላይ ታቆምና ሮማ ትላለች። አጀቡ፣ አምባሳደሩ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ እየሰማ ፍቅሯን ተናገረች፤ የገባቸው ግን ጆና ፎቶ አንሺ ጓደኛው ብቻ ናቸው። ፊቷ ላይ የሚታየው ከልዕልት ወግ ዝንፍ አይልም፣ ግን ሁሉም ነገር አለበት። ኦስካሩ ለዚህች ቅጽበት ይገባታል ባይ ነኝ።

አዳራሹ ቅዳሜ ጠዋት ለጎብኚ ክፍት ነው። የሆሊ ወገኖች እዚያ ይምጡና እንከራከር።