«አልጋ ያዛችሁ?»

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ጥር ነው። አንድ ማታ ባለቤቴ እራት እያቀረበች «እስቲ አንድ ቀን ሌላ ቤት ልደር» አለችኝ። ደነገጥኩ። ምን አጠፋሁ ብዬ የሳምንቱን ሁሉ ማስታወስ ጀመርኩ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

እናቷ ጉደር እኛ ቤት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚወስዱት መድኃኒት ነበራቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ያቺን ሰዓት አሳልፋ አታውቅም፤ የስልክ ደወል እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። እማማ ሐምሌ ላይ አረፉ። እሷ ግን አሁንም በዚያው ሰዓት ትነሳለች። ወደ እናቷ ክፍል ሁለት ሦስት እርምጃ ትሄድና ትዝ ሲላት እዚያው ትቆማለች። እኔም የተኛሁ እመስላለሁ። ምን እላታለሁ?

ስለዚህ «ቅዳሜ ወንጪ እንሂድ፣ ማታ አምቦ እናድራለን፣ እሁድ እንመለሳለን» አልኳት። ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆኖናል። ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ በቀር አንድም ቀን ውጭ አድረን አናውቅም።

አርብ ማታ ዴንቨር የሚኖረው ወንድሟ ደወለ። እሱም ቅዳሜና እሁድን ከጓደኞቹ ጋር ስኪ ሊሄድ ነው። እኛ ሰፈር ስኪ ሲባል የሚታወሰው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የሀገራችንን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ላይ የተወዳደረው ልጅ። የባለቤቴ ወንድም ግን ወድቆ መነሳትን ነው የተማርኩት ይላል። ብሬከንሪጅ የምትባል ከተማ ነው የሚሄዱት። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ከፍታዋን አየሁ፤ 2,900 ሜትር አካባቢ። ከወንጪ ሐይቅ ጋር ተቀራራቢ ነው። እነሱ ከምድር ወገብ ስለራቁ በረዶ ወረደላቸው፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለቀረብን በጥር ውርጭ ብቻ ደረሰን።

የመጀመሪያ ጥያቄው «አልጋ ያዛችሁ?» የሚል ነበር። ሳቅኩበት። «ወንድሜ፣ አምቦ እኮ ከጉደር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ገበያ ለመውጣት ቀጠሮ እይዛለሁ እንዴ?» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። «ስኪ የሚከብደው ተራራው አይደለም፣ አልጋው ነው። ቅዳሜ ማታ ተራራው ሥር ያለው አልጋ ዋጋው አይቀመስም። እኛ ከሁለት ወር በፊት ነው የያዝነው፤ ያውም ራቅ ብሎ፣ አንድ ቤት ለስድስት» አለኝ። የፈረንጅ ሀገር ጣጣ ነው ብዬ ተውኩት።

ወንጪን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ከደንዲ፣ ከዝቋላና ከቢሾፍቱ ሐይቆች ጋር በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ ሐይቅ ብዬ ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ግን ሌላ ነው። ፈረስ አቀረቡልን፤ እሷ «በእግሬ» አለች። ወረድን። በጀልባ ደሴቲቱ ጋ ተሻግረን ቂርቆስን ተሳለምን። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ዐረፍን፤ በሦስተኛው ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

እዚያው ለማደርማ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሎጅ አለ። የመምህር ኪስ ራሱን ያውቃልና ዋጋውን እንኳ አልጠየቅኩም። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተመልሰን አምቦ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የመጀመሪያው ሆቴል ሞልቷል። ሁለተኛውም ሞልቷል። ለካ የጥር ቅዳሜ ነው! ግማሹ ሠርገኛ፣ ግማሹ ሠልጣኝ። «ሥልጠና ስላለ እስከ ማክሰኞ ክፍል የለም» ይሉሃል። ሦስተኛው ላይ አንድ ክፍል ተገኘ፤ ግን ከሥሩ ሙዚቃ ቤት አለ። ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ለእንቅልፍ የመጣችን ሴት እዚያ አላስገባም አልኩ።

እየመሸ ሲሄድ አንድ ባጃጅ ነጂ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ፔንሲዮን ወሰደን። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ሁለታችንንም አየና «ለአጭር ነው ለአዳር?» አለ።

ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው። ባለቤቴ ግን የእናቷን ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ዞራ መንገድ ጀመረች። ተከትያት ሮጥኩ። «ወደ ቤት እንሂድ» አለችኝ። ስድስት ወር ሙሉ ለአንድ ሌሊት ስትመኝ ኖራ፣ እኔ አንድ ስልክ ባለመደወሌ እንደዚህ ተባለች። በዚያች ሰዓት የወንድሟ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

«አንድ ቦታ ብቻ እንሞክር» ብዬ ለመንኳት። ገባን። እንግዳ ተቀባዩ ቀና ሲል «ቲቸር!» ብሎ ተነሳ። አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው! እኔ ሆዬ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልመልስ «ባለቤቴ ናት» አልኩ፤ ልክ ፖሊስ የያዘኝ ይመስል። ልጁ ግን ወደ እሷ ዞሮ ጎንበስ አለና «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ። ነፍስ ይማር» አላት። ጥቁሯን አይቶ ነው። ከምሽቱ ሁሉ እሷን ያየ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

እሱም ጋ ሞልቷል። ግን ከኋላ በኩል ለአንድ አሠልጣኝ የተያዘ ክፍል አለ፤ ሰውየው እሁድ ማታ ነው የሚገባው። ለባለቤቱ ደውሎ አስፈቀደ። ዋጋውን ሳይጨምር ነገረኝ፤ ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣ፤ ቧንቧው ሙቅ ውሃ ስለሌለው በባልዲ አስሞቀልን። ስንለያይ «ቲቸር፣ ቅዳሜ እኮ ነው። ሐሙስ ቢደውሉልኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር» አለኝ። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስንት ጊዜ እንደዚያ ብዬዋለሁ!

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ነቃሁ። ጨለማው ውስጥ ሆኜ ጠበቅኩ። አልተነሳችም። ስምንት ተኩል ሆነ፤ አልተነሳችም። በሩን ማንም አላንኳኳም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዐይኗን ገልጣ «ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ እኔ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ቦታውን ማወቅ ሌላ፣ በቦታው ማደር ሌላ ነው። ቅርብ ነው ብላችሁ አትናቁ፤ የጎረቤት ከተማን ቀኑን እንጂ ሌሊቱን አናውቀውም። ቢያንስ ሐሙስ ደውሉ። «ሙቅ ውሃ አለ?» ብቻ አትበሉ፤ «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?» በሉ። ከሥሩ ሙዚቃ ቤት እንዳለ ጠይቁ። ብርድ ልብስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። መታወቂያችሁን ያዙ። ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለአልጋው ብቻ አይደለም፤ ይዛችሁት ለምትሄዱት ሰው ክብር ነው።

እሁድ ማታ ወንድሟ ደወለ። እሱ ጉልበቱን ተመትቶ ተኝቷል። «እሺ፣ ወንጪ እንዴት ነበር?» አላት።

«አልጋው ጥሩ ነበር» አለችው።

መልካም ሰንበት!