አንበሳውን የሚሸከሙት ልጆች

በቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ከተማ፣ ኤደን ሴንተር የሚባል የቬትናሞች የገበያ ማዕከል አለ። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከሞላበት ከስካይላይን ሰፈር በመኪና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ወገኔ ሁሉ በቬትናሞች አዲስ ዓመት፣ በቴት ሰሞን፣ እዚያ ሄዶ ቢቆም ደስ ይለኛል።

ሳይጎን እ.ኤ.አ. በ1975 ስትያዝ ከሸሹት ቬትናሞች ወደዚህ የመጡት መጀመሪያ ሱቅ የከፈቱት አርሊንግተን ውስጥ ክላረንደን በሚባለው ሰፈር ነበር። ያኔ የምድር ባቡሩ እየተሠራ መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ ስለነበር የሱቅ ኪራይ ርካሽ ነበር። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ኪራዩ ሰማይ ነካ፤ እነሱም እቃቸውን ጠቅልለው ወጡና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤደን ሴንተርን አቀኑ። የእኛ ሰውም ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ የተገፋው በዚሁ ዓይነት ኪራይ ነው።

በቴት ሰሞን በመኪና ማቆሚያው መሐል የአንበሳ ጭፈራ አለ። አንዱ ልጅ ትልቁን የአንበሳ ራስ ተሸክሞ ዓይኑንና አፉን በገመድ ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ከኋላ ጎንበስ ብሎ ወገቡን ይሆናል። ከበሮ መቺዎቹም ልጆች ናቸው። ላብ በላብ ሆነው ከጨርቁ ሥር ሲወጡ አየኋቸው፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ በቬትናምኛ ተቆጥተው የአንዱን አቋቋም አስተካከሉ። ልጁ ቃላቸው ይግባው አይግባው እንጃ፤ እግሩን ግን ሰብሰብ አድርጎ እንደገና ገባ።

እዚያው ግቢ ውስጥ የወደቀችው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ፣ ቢጫው ባለ ሦስት ቀይ መስመር፣ ከፍ ብላ ትውለበለባለች። አባቶች የሸሹበትን ቁስል ይዘው መጥተዋል፤ ልጆቹ ግን ያን ጦርነት የሚያውቁት በወሬ ነው። እኛስ? በባንዲራ ተጣልተን፣ በዘር ተቧድነን፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ከፍለን ልጆቻችን እያዩን በአዳራሽ ተጯጩኸናል። ልጁ ከዚያ አዳራሽ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ኢትዮጵያዊነት ምን ዓይነት ሊሆን ነው?

መሥሪያ ቤት አብራን የምትሠራ አንዲት የኮሪያ ልጅ አለች። እናትና አባቷ አናንዴል ውስጥ ላውንደሪ ነበራቸው። ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች የኪራይ ውሉን፣ የግብር ደብዳቤውን፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሪያ ትምህርት ቤት እያለቀሰች ትሄድ እንደነበርና ኮሪያኛን ከልቧ መማር የጀመረችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ እንደሆነ አጫውታኛለች። ለምን ዘገየሽ ስላት፣ ልጅ ሆኜ ኮሪያኛ የምሰማው ሲቆጡኝ ብቻ ነበር አለችኝ። ይህ ንግግሯ ከልቤ አልወጣም። በአገራችን ቋንቋ ለልጆቻችን ምን ምን እንደምንላቸው መቁጠር ጀመርኩ፤ ብላ፣ ተነሥ፣ ዝም በል፣ እኔ ባንተ ዕድሜ።

ስለ ቃኘው ሻለቃ ስነግራት አልሰማችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 የኢትዮጵያ ወታደሮች በዚያ ስም ለአገሯ ሊዋጉ እንደዘመቱ አባቷ ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አንድ ቀን ስታስተዋውቀኝ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ታላቅ ሰው ለእኔ ለታናሹ መነሣቱ አሳፈረኝ። ልጅቷ አባቷ እንዲህ ሲሆኑ አይታ አታውቅምና ደንግጣ ቀረች።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከአማርኛ ተናጋሪ ጋር በቋንቋው እንዲገናኙ ያዛል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሕጉ ከማይደርስበት ቦታ ሁሉ የሚያስተረጉመው ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ የጋይንት አነጋገር ያላቸው እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የእኔ ቀጠሮ ለሌላ ሰው ነው፤ ለእሳቸው የሚያስተረጉመው ልጃቸው ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ነርሷ ስኳራቸው ከፍ እንዳለና መርፌ ሊጀምሩ እንደሚችሉ ስትነግረው ልጁ ወለሉን እያየ ቆየና፣ «ማሚ፣ ጣፋጭ ቀንሺ ነው የምትለው» አላቸው። መርፌውን ዋጠው። እናትየው «ተመስገን» አሉ። እኔ ጠጋ ብዬ፣ «እናቴ፣ ልጁ ደክሞታል፤ ቀሪውን እኔ ልንገርዎት» ብዬ እንዳለ ተረጎምኩላቸው። ልጁ ትከሻው ከላዩ ሸክም እንደወረደለት ሲላላ አየሁ። እንዲህ ያለ ልጅ አማርኛ ጠላ ብለን ስናማው እንዴት አድርጎ ሊወደው ይችላል? አማርኛ ለእሱ የእናቱን ሕመም የሚደብቅበት ሥራ ሆኖበታል።

ልጅን ከወላጁ ቋንቋ የሚለየው ግን ሁልጊዜ የቤቱ ጠባይ አይደለም፤ ፍርሃትም ይለየዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ 120,000 ያህል ጃፓናውያንንና የጃፓን ዘር ያላቸውን ዜጎች በሽቦ በታጠረ ሰፈር አጎረች፤ አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ነበሩ። ከዚያ ሲወጡ ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው ጃፓንኛ ላለማስተማር ወሰኑ፤ እንደ ጠላት መታየቱ ዳግም እንዳይመጣ ብለው። እ.ኤ.አ. በ2021 አትላንታና አካባቢዋ ስምንት ሰዎች ሲገደሉና ስድስቱ የእስያ ዘር ያላቸው ሴቶች ሲሆኑ፣ ያቺ የሥራ ባልደረባዬ እናቷን ለብቻቸው ገበያ መላክ ፈራች። የእኛ ልጆች ደግሞ ከበር ሲወጡ የሚታዩት በቆዳቸው ነው። ፖሊስ ሲያስቆማቸው የጎንደር ልጅ ይሁኑ የሌላ ማንም አይጠይቃቸውም። ይህን የማያስተምር ወላጅ ልጁን አላዘጋጀም።

የተወለድኩት ደብረ ታቦር ነው። አገሬ ራሷ እንግዳ ስትቀበል የኖረች ናት። ከከተማው ትንሽ ራቅ ብሎ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት። ሰዎቹ ከአገሬው ልጆች ተጋቡ፣ ቤት ሠሩ። የንጉሡ ባለሟል የነበረው እንግሊዛዊ ጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ሱዛን ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን አገባች። ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞቱ እሷም ከባሏ ጋር አገሯን ለቃ ወጣች፤ ኑሯቸውም ሊባኖስ ተራራ ላይ፣ እሱ ትምህርት ቤት ባቋቋመበት ብሩማና ሆነ። ከደብረ ታቦር ምድር ወጥተው በሰው አገር ጎጆ ከቀለሱት ቀደምት ሴቶች አንዷ አድርጌ አስባታለሁ። በፎገራ ሜዳም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደርግ ዘመን ያስለመዱት ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይጋገርበታል። የፎገራ ገበሬ ሩዙን በገዛ ምጣዱ የራሱ አደረገው። ልጆቻችን ኢትዮጵያዊነትን የሚቀበሉትም እንደዚሁ በራሳቸው ምጣድ ጋግረውት ይመስለኛል፤ ምጣዱን ግን አልሰጠናቸውም።

ስለ ቡሄ ልንገራችሁ። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ከተማችን የተሰየመችበት ተራራ በዓል። በልጅነታችን ሰሞኑን ቃጫ ፈልገን ጅራፍ እንገምዳለን። ቃጫውን በውኃ አርሰን በጭናችን ላይ እናጠነጥነዋለን፤ ጫፉ ቀጭን ካልሆነ አይጮህም። ማን አሳምሮ እንደሚያጮህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሆያ ሆዬ የሚያወጣውን የምንመርጠው እኛ ነን፤ የተሰበሰበውን ሙልሙል የምንካፈለውም እኛ፤ በክፍፍሉ የምንጣላውም እኛ። አዋቂ የእኛን ሥራ አይነካም። በሩን ከፍቶ ያዳምጣል፣ ሙልሙሉን ይሰጣል፣ ተመርቆ ይገባል።

እዚህስ? አዋቂዎች ማይክሮፎን ይዘን እንጨፍራለን። ልጆቹ ነጭ ለብሰው በተራ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ዳቦውን የምንጋግረው እኛ፣ የምናድለው እኛ። ከዚያ ባህላቸውን አያውቁም ብለን እናዝናለን። ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ያለቀበት በዓል ላይ ልጅ ምን ይዞ ይገባል? የኤደን ሴንተሮቹ ልጆች ቬትናምኛ ባይችሉም አንበሳው የእነሱ ነው፤ እነሱ ካልተሸከሙት አይነሣማ።

ድሮ መፍትሔው ልጁን ክረምት ወስዶ አያቱ ጋ ማክረም ነበር። አሁን ያ በር ተዘግቷል። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2013 ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገዱ፣ ስልኩ፣ ኢንተርኔቱ አይታመንም። ብዙ ወላጆች ቲኬት ቆርጠው ሰርዘዋል። ስለዚህ ያለን እዚህ ያለው ነው፦ የመኪና ማቆሚያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ የእሑድ ትምህርት ክፍሉ።

በእኛ ደብር የዘንድሮውን ቡሄ ለወጣቶቹ እንስጥ ብለን ተነጋግረናል። ጅራፉን ራሳቸው ይገምዱ፤ ቃጫ ባይገኝ የናይለን ገመድም ይጮሃል። ሙልሙሉን ከእናቶቻቸው ጋር ሌሊት ይጋግሩ፣ በየበሩ ይዙሩ፣ ይከፋፈሉ። ችቦ ለመለኮስ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ማመልከቻውን የሚጽፈውም ከእነሱ አንዱ ነው። ግጥሙን በሚችሉት ቋንቋ፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ደባልቀውም ቢሆን፣ ይግጠሙ የሚለው ሐሳብ ላይ አባቶች ገና አልተስማሙም፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን፤ ልጆቹም ተጠርተዋል።