ከዘይትና ዱቄቱ በፊት

በዓል በተቃረበ ቁጥር ፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይበዛል። ባለ አምስት ሊትር ዘይት ተደርድሯል፣ የዱቄት ከረጢት ተከምሯል፣ ከጀርባ የፋብሪካው ስም ያለበት ባነር ተሰቅሏል። ከፊት ነጠላ የለበሱ እናቶች ስማቸው እስኪጠራ ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። ሥራ አስኪያጁ አንዷን ዘይት ሲያስጨብጣት ካሜራው ቀጭ ይላል። ስጦታውን አልነቅፍም፤ የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ እኔም አውቃለሁ። የሚከነክነኝ ያው ፋብሪካ በዓል ባልሆነው ቀን ከጎረቤቶቹ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ለዚህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። እኛ ሰፈር አንድ ፋብሪካ አለ፣ ስሙ ይቆይ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የትምህርት ማስረጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የቆሙ ልጆች አይጠፉም። ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ "ቅጥር የለም" ይላቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ሰርቪሱ ከሌላ ክፍለ ከተማ ያመጣቸውን ሠራተኞች ጭኖ ይገባል፤ ልጆቹም ዞር ብለው መንገድ ይለቃሉ። ጢሱ ግን እኛው ልብስ ላይ ያርፋል። ለፋሲካ ዘይት ሲታደል አንዲት ጎረቤቴ ተቀብላ መጣችና "ልጄን ቢቀጥሩልኝ ዘይቱን ራሴ እገዛው ነበር" አለችኝ። ስለ ፋብሪካና ስለ ጎረቤት ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ከዚሁ ከእኛው ወገን ተቃራኒውን የሚያሳይ ታሪክ አለ። ዘነበወርቅን የማያውቅ የለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ አለርት የምንለው ማለት ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ድነውም ወደ ቀዬአቸው መመለስ ከበዳቸው፣ እዚያው ጎጆ ቀለሱ፣ ልጆች ወለዱ። ሰፈሩን ከተማው በክፉ ዓይን አየው። ከዘነበወርቅ ነኝ ብሎ ሥራ መጠየቅ ፈተና የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ቤተልሔም ጥላሁን ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት የጀመረችው በአያቷ ግቢ ውስጥ፣ በጣት ከሚቆጠሩ ሠራተኞች ጋር ነበር። ያሰበችው ነገር ቀላል ነው። ጎረቤቶቿ ሥራ የላቸውም እንጂ እጃቸው ሥራ ያውቃል፤ የሚፈትል አለ፣ የሚሸምን አለ፣ የሚሰፋ አለ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ መቁረጥ ደግሞ አርበኛውም ገበሬውም ሲጫማው የኖረ የአገር ዕውቀት ነው። የጎማውን ሶል፣ በእጅ የተፈተለውን ጥጥና የአገሩን ቆዳ አንድ ላይ አድርጋ ለውጭ ገበያ አቀረበች። ጫማው ጃፓንና ታይዋን ድረስ ተሸጠ፣ ድርጅቱ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን ዕውቅና አገኘ፣ እሷም በ2003 ዓ.ም. የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከመረጣቸው ወጣት መሪዎች አንዷ ሆነች።

ስለ ሽልማቱ ብዙ ተብሏል፤ ለእኔ ሽልማቱ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ድርጅቱ "ማኅበረሰቡን እንርዳ" ብሎ የተለየ ክፍል አለማቋቋሙ ነው። ማኅበረሰቡ ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋ ነበር። ድርጅቱ በዘርፉ ከሚከፈለው በብዙ እጥፍ እከፍላለሁ ይል ነበር። ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ባልተቆረጠበት አገር ስንት ልክፈል የሚለው ለአሠሪው ኅሊና የተተወ ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወለሉን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጅ ገበያ ላይ ጎመን አይገዛም። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ሰፈሩን ይወድ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን ቢያይ ከባነሩ ይበልጥ ይነግረዋል።

ከዘነበወርቅ ትንሽ አለፍ ሲባል ቆሼ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይመራል። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን እዚያ ስትደፋ ኖራ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ሰንዳፋ የተሠራው አዲስ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። በወረቀት ሲታይ ዘመናዊ ነበር። ግን የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው አላስቀመጠንም፣ ፍሳሹ ውኃችንን በከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብለው ተነሡ። በዚያው ክረምት መኪኖቹ መግባት አቆሙ፤ ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ቆሼ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተደርምሶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

የመደርመሱ ምክንያት አንድ ነው አልልም። ነገር ግን የሰንዳፋ ገበሬ ከመጀመሪያው በቅጡ ተጠይቆ፣ ቅሬታው ሥራው ሳይጀመር ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መኪና ወደ ቆሼ ባልተመለሰ ነበር የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አንድ ቦታ ከጎረቤት ጋር ያልተማከረ ሥራ፣ ዕዳውን የከፈለው ሌላ ቦታ ያለ ሌላ ጎረቤት ነው። ሕጉ እኮ ነበር! ሕገ መንግሥቱ ሰው በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣውም በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ተጽዕኖ የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት በግምገማው ይካተት ይላል። ሆኖም እኛ ዘንድ "ሕዝብ ተወያየ" ማለት ብዙ ጊዜ አበል ተከፍሎ፣ አዳራሽ ተሞልቶ፣ ውኃ ታድሎ፣ በመጨረሻ ጭብጨባ ማለት ሆኗል። ጥያቄ ያነሣ ሰው "አደናቃፊ" ተብሎ ይመዘገባል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ቆሼ፣ ረጲ በሚባለው ስፍራ፣ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ነገሩ በብዙ መልኩ ጥሩ ነው፤ ግን ቆሼ ላይ ላስቲክ፣ ብረትና ጠርሙስ ለቅመው የሚኖሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። እሳቱ የሚወደውን ላስቲክ ለቃሚውም ይወደዋል። ጣቢያውና ጎረቤቱ አንድ ጥሬ ዕቃ የሚሻሙ ከሆነ፣ ለቃሚዎቹን በመለየት ሥራ ቀጥሮ ማስገባት ከማንኛውም የበዓል ስጦታ ይቀድማል።

ጎረቤት ሲባል ደግሞ አጥር የሚጋራው ብቻ አይደለም። በከተማችን ምዕራብ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲሸከም ኖሯል፤ ታች በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ። በአትክልቱ ላይ ክሮምና ሌሎች ከባድ ብረቶች እንደተገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ያ ጎመን ዞሮ የሥራ አስኪያጁም ገበታ ላይ ሊቀርብ ይችላል፤ ፋብሪካው ግን የሚያውቀው ዘይት ያደለበትን ወረዳ ብቻ ነው።

ቂም ሲጠራቀም ምን እንደሚሆን በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከአየር ጤና ብዙም ሳንርቅ አይተናል። በሰበታ በኩል ሳይግን ዲማ የተባለው የቱርክ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በተቃውሞ መሀል በእሳት ተያያዘ። የዚያን ሰሞን ቁጣ ሥሩ ፖለቲካ ነበር፤ ፋብሪካዎቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቃጠሎውም ማንንም አልጠቀመም፤ እንጀራው የተቋረጠበት የአካባቢው ሠራተኛ ጭምር ነው። ቢሆንም ፋብሪካው የእኔም ነው የሚል ሰው አጥሩ ዙሪያ በብዛት ሲኖርና ሳይኖር ልዩነት አለው።

እኔ ብጠየቅ የምመክረው ርካሽ ነገር ነው፤ ፋብሪካው እድር ይግባ። የምሬን ነው። ወርኃዊ መዋጮ ይክፈል፣ ለቀብር መኪና ይላክ፣ ሥራ አስኪያጁ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ንፍሮ ይዝገን፣ ከቀረም እንደማንም ይቀጣ። እዚያ የሚሰማውን ወሬ የትኛውም አማካሪ ድርጅት አያጠናለትም፤ የማን ጉድጓድ ውኃ ቀለሙን እንደለወጠ፣ የማን ልጅ ብየዳ ተምሮ ቤት እንደተቀመጠ፣ የትኛው የቅጥር ኃላፊ በደላላ በኩል ገንዘብ እንደሚቀበል። ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖርም ማስታወቂያው መጀመሪያ እድሩ ቤት ይለጠፍ። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጭነት፣ ማሸግ፣ እነዚህን በሰርቪስ ከሩቅ ማምጣት ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ሌላው ስምና ስልክ ነው። ማታ ጢሱ ሲበዛ፣ ቱቦው ሲፈነዳ፣ የሰፈር ሰው ለማን ይደውል? ብዙ ፋብሪካ በር ላይ የሚያጋጥመው መልስ "አለቃ የለም፣ ሰኞ ኑ" ነው።

እናንተ ሰፈር ፋብሪካ ካለ እስቲ ንገሩኝ፦ ቅሬታ ሲኖራችሁ ከጥበቃው አልፎ የሚያናግራችሁን ሰው በስሙ ታውቁታላችሁ? ባለፈው ዓመትስ ከሰፈራችሁ ስንት ልጅ ቀጠረ?