የዐባይ ዳገትና የአውቶቡሱ ሞተር

የዐባይ በረሃን በስሙ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መካከል የሚገኝ ትልቅ ሸለቆ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን በሱሉልታና በገብረ ጉራቻ በኩል 185 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ጎሐ ጽዮን እንደርሳለን። ጎሐ ጽዮን ደጋ ናት፤ ጋቢ ታስለብሳለች። ከከተማዋ ወጣ እንዳልን ግን መሬቱ ይከፈታል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል። ቀጥሎ ኮቱ ይወልቃል።

በመንገዱ ዳር ያለው ድንጋይም እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያም ለቤት ልስን የሚሆነው ነጭ ጀሶ አለ። ከወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ይታያል። በአንዳንድ ቦታ አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እንደ ታረሰ መሬት ጎበጥ ጎበጥ ይላል። ከታች ዐባይን የምንሻገርበት ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የተመረቀው ነው። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ አሁንም ከጎኑ ቆሞ ይታያል።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ይጀምራል። እስከ ደጀን ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪናው ከ1300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ሾፌሮች ስለዚህ ዳገት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው» ይላሉ።

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ የተሳፈርኩት በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር። ሞተሩ ከሁለት ቀን በፊት ተጠግኖ ከጋራዥ መውጣቱን ረዳቱ በኩራት ነገረን። እኛም ደስ አለን። ከጎኔ አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀምጠዋል። በማግሥቱ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት የመሬት ክርክር ቀጠሮ አላቸው። ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። «ልጄ፣ ከሳሽ ከቀረ እኮ መዝገቡ ይዘጋል» አሉኝ። ደጋግመው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

ገብረ ጉራቻ ላይ ሾፌሩ ቆሞ ለሞተሩ ውሃ ጨመረ። አንድ ጀሪካን ሙሉ ጠጣ። ሾፌሩ ዝቅ ብሎ ከሥር አየ። የሚንጠባጠብ ነገር የለም። «ታዲያ ውሃው የት ሄደ?» አለ ለራሱ። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። የማይፈስ ውሃ ከጎደለ ወደ ሞተሩ ሆድ ገብቷል ማለት ነው።

ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። እንዲያውም የሙቀቱ መለኪያ ቀስት ዝቅ አለ። ሰው ሁሉ ተረጋጋ። ነገር ግን ቁልቁለት ላይ ሞተር አይደክምም፤ የሚደክመው ፍሬን ነው። ድልድዩን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ቀስቱ መውጣት ጀመረ። ከኋላ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ተከተለን። የተቃጠለ ናፍጣ ጭስ ጥቁር ነው። ይህ ግን እንደ ድስት እንፋሎት ነጭ ነበር። ደጀን ለመድረስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማዎቹ ኋላ ታኮ አስገባ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በዳገት ላይ ታኮ ሳያስገቡ መኪና ሥር መግባት አይገባም።

ጊዜው ወደ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አንድ ተሳፋሪ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሰደደ። ሾፌሩ ጮኸ። «ተው! ፊትህን ይልጠዋል!» እውነቱን ነው። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ታፍኖ የተያዘ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የፈላው ውሃና እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቃል። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰች ሴት ይህን ታውቃለች።

ሾፌሩ ወደ ባለ ንብረቱ ስልክ ደወለ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። «ውሃ እየጨመርክ ንዳው እንጂ! ከትናንት ወዲያ እኮ ነው የተሠራው!» ይላል ባለ ንብረቱ። ሾፌሩ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያም «ጌታዬ፣ ቢሰነጠቅ ከደመወዜ ሊቆርጡ ነው? እኔ አልነዳውም» አለና ስልኩን ዘጋ። እንጀራውን በእጁ ይዞ ነበር እንዲህ ያለው። ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። አንዳንድ ተሳፋሪዎች አጉረመረሙበት። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ።

አዛውንቱ ቆመው ዳገቱን ያያሉ። «በእግሬ ልሂድ እንዴ?» አሉ። ሾፌሩ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ የጭነት መኪና አስቆመ። ሌላ ሰው ከመሳፈሩ በፊት «አባባን ቅድሚያ!» ብሎ ጋቢና አስገባቸው። የቀሩትም በሌሎች መኪናዎች ጥቂት በጥቂት ሄዱ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ባዶ ከባድ መኪና አውቶቡሱን በሽቦ ገመድ ጎትቶ ደጀን አደረሰው። እኔ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ማየት ስለፈለግሁ እዚያው አደርሁ።

በደጀን አንድ መካኒክ ሞተሩን ከፈተ። እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ሞተር ከታች ግንድ አለው። ከላይ ክዳን አለው። መካኒኮች ክዳኑን ቴስታታ ይሉታል። በሁለቱ መካከል ስስ ገበር ይገባል። ስሙ ጓርኒሲዮን ነው። አረቄ ስናወጣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የማሰሮውን አፍ እንመርጋለን አይደል? ጓርኒሲዮንም ምርጊት ነው ማለት ይቻላል። እሳቱ ከውሃው፣ ውሃውም ከዘይቱ እንዳይገናኝ ይለያል። አንድ ጊዜ ተጨምቆ ቦታውን ይይዛል። ተነቅሎ ሁለተኛ ቢገባ አይመርግም።

መካኒኩ ገበሩን አንስቶ ለብርሃን አሳየን። አሮጌ ነው። ያንኑ የነቀሉትን መልሰው አግብተውታል። በአንድ በኩል ከእሳቱ ቀዳዳ እስከ ውሃው ቀዳዳ ድረስ ጠቁሮ ተበልቷል። ውሃው የሄደው በዚያ ነው። ሌላም ነገር አገኘ። ክዳኑን ከሚይዙት ብሎኖች ሁለቱ ገና መፍቻ ሲነካቸው ዞሩ። ሌሎቹ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቀዋል። «በግምት ነው ያሰሩት» አለ። ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ አንዴ ከወዲህ አንዴ ከወዲያ፣ በሁለትና በሦስት ዙር ይጠብቃሉ። ጥብቀቱን የሚለካ መፍቻ አለ። አህያ ስንጭን አንዱን ወገን ብቻ ብንወጥር ጭነቱ ይዞራል። ይህም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት በክዳኑ ላይ አጋድሞ በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አየ። ክዳን በጣም ከጋለ ይጣመማል። ከተጣመመም በማሽን ካልተላጨ አይገጥምም። ያኛው አልተጣመመም። መካኒኩ ወደ ሾፌሩ ዞሮ «በጊዜ አጥፍተኸዋል። ሁለት ኩርባ ብትጨምር ኖሮ ይህን ክዳን አታገኘውም ነበር» አለው። ሾፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«የመጀመሪያው ጋራዥ ምን ብሎ አስከፈላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሾፌሩ ከመኪናው ኪስ ደረሰኝ አወጣ። አነበብሁት። «የሞተር ጥገና» ይላል። ከሥሩ የገንዘቡ ድምር አለ። ሌላ ነገር የለም። አዲስ ገበር ገብቷል አይልም፤ አልገባም አይልም። በእንዲህ ያለ ወረቀት ማንንም መጠየቅ አይቻልም። የደጀኑ መካኒክ ግን አንድ በአንድ ጻፈ፤ ገበር አንድ፣ ዘይት ይህን ያህል ሊትር፣ የእጅ ዋጋ ይህን ያህል። ዘይቱ ለምን እንደሚቀየር ሾፌሩ ጠየቀው። መካኒኩ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ አሳየው። ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሏል።

አዲሱ ገበር በማግሥቱ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ተልኮ መጣ። ክዳኑ ታሰረ። ሞተሩ ተነስቶ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ሠራ። ከበረደ በኋላ ውሃው ታየ። አልጎደለም። ከሰዓት በኋላ መንገድ ጀመርን።

በመንገድ ላይ ለአዛውንቱ ልጅ ደወልሁ። አዛውንቱ ያን ዕለት ማታ ደብረ ማርቆስ ገብተው በጠዋት ፍርድ ቤት ተገኝተዋል። ዳኛው አልተሰየሙም ተብሎ ቀጠሮው ለሰኔ ተላልፏል። ለሾፌሩ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀና «በሰኔም እኔው አመጣቸዋለሁ» አለ። የተቃጠለውን አሮጌ ገበር በጋዜጣ ጠቅልሎ ከመቀመጫው አጠገብ አኑሮታል። ለባለ ንብረቱ ሊያሳየው ነው።