ውክልናው የወንድሜ፣ አባባ የሁላችን

ድሮ ወንድማማቾች በንብረት የሚጣሉት አባት ካረፈ በኋላ ነበር። አሁን አሁን ጠቡ አባት በሕይወት እያለ ይጀምራል፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ ውክልና ነው።

አባባ 84 ዓመታቸው ነው። ቡታጅራ ውስጥ የሚከራዩ 3 ሱቆች አሏቸው። ጉልበታቸው ሲደክም ወልቂጤ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ሰጡ፤ ማንም አልተቃወመም። እሱም ቤቱ ወሰዳቸው። ስለ ኪራዩ ገንዘብ መጠየቅ ከጀመርን ወዲህ ግን አባባ ሁልጊዜ «ተኝተዋል» ሆኑ። ታናሽ እኅቴ ከአዲስ አበባ ጋቢ ገዝታ ብትሄድ ከበር ተመለሰች። «ውክልናው የኔ ነው፤ ማን እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ» አላት።

ወደ ጠበቃ የወሰደኝ ይህ ንግግር ነው። ጠበቃው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ አስረዳኝ። ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብን የመሰለ። ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (አንቀጽ 2204 እና 2205)። ተወካይ ሒሳብ ማቅረብ አለበት፤ ወካዩም በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ወካዩ ችሎታ ካጣ ደግሞ፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ውክልናው ይቀራል። አባትን ማን ይጠይቅ፣ ማን አይጠይቅ የሚል ሥልጣን ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለም።

ፍርድ ቤት አልሄድንም፤ ሽማግሌ ላክን። (ሁለቱ ከተሞች በሁለት ዞን ቢከፈሉም ሽማግሌው አልተከፈለም።) ወንድሜም የራሱን ተናገረ፦ «ሌሊት የምነሳው እኔ፣ ሐኪም ቤት የምመላለሰው እኔ። እናንተ ለመስቀል መጥታችሁ ክትፎ በልታችሁ ትሄዳላችሁ።» ድካሙ እውነት ነው። እኅቴን ከበር ለመመለስ ግን ምክንያት አይሆንም።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ አባባን ጠየቋቸው። አእምሯቸው ንጹሕ ነው። «ኪራዩን እሱ ይሰብስብ፤ በየ3 ወሩ ለሁላችሁም ያስታውቅ። ልጆቼ ሲመጡ ደግሞ ተኝቼም ቢሆን ቀስቅሱኝ» አሉ።

የድሮው ውክልና ተሽሮ አዲስ ተጻፈ፤ ሽያጭ አልተካተተበትም። የመድኃኒቱ ወጪ ከኪራዩ ይታሰባል። እኅቴ በየ15 ቀኑ ሄዳ ሁለት ሌሊት ታድራለች፤ ያኔ የወንድሜ ሚስት ታርፋለች። ወንድሜና እኅቴ ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር እስካሁን አይነጋገሩም።